ባረል ሮል በስታንድ አፕ ጄት ስኪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባረል ሮል ማለት በስታንድ አፕ ጄት ስኪ (ተቁሞ በሚነዳ የውሃ ላይ ሞተር) ላይ የቆመ ነጂ ከውሃው ተነሥቶ፣ ከነማሽኑ በጎን 360 ዲግሪ ዞሮ፣ መልሶ በእግሩ የሚያርፍበት ትርኢት ነው። በዓይን ሲታይ በቅጽበት የሚያልቅ በመሆኑ ስለ አሠራሩ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል፤ እኔም አብዛኛውን አምኜ አንድ ሙሉ ወቅት ያለ ውጤት አሳልፌአለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደው ስህተት «ማሽኑን የምናዞረው አየር ላይ ከወጣን በኋላ በክንዳችን ጎትተን ነው» የሚለው ነው። እውነታው ግን ዙሩ የሚጀመረው ማሽኑ ውሃውን ከመልቀቁ በፊት ባለችው የመጨረሻ ቅጽበት ነው። አየር ላይ የምንደገፍበት ነገር ስለሌለ፣ ከውሃው ይዘነው ያልተነሣነውን ዙር እዚያ በጉልበት ልንፈጥረው አንችልም፤ የሚቻለን ይዘነው የወጣነውን ዙር ሰውነታችንን ወደ ማሽኑ በመሰብሰብ ማፍጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ግራ መዞር የሚፈልግ ሰው ወደ ሞገዱ ሲቀርብ በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ከዚያም ጉልበቱን አጥፎ፣ መሪውን ወደ ግራ ሰብሮ፣ ማሽኑን በግራ ጠርዙ ላይ እንዳስተኛ የሞገዱን ግንባር ይወጣና ጫፉ ላይ ሲደርስ ሙሉ ጋዝ ሰጥቶ በእግሩ ይገፋል።

ይህን የተረዳሁት አንድ ጓደኛዬ ከዳር ቆሞ በስልኩ የቀረጸኝን ቪዲዮ አዘግይቼ ስመለከት ነው። ከሞገዱ ጫፍ በተነሣሁባት ቅጽበት የማሽኑ ሆድ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ ሆኖ ይታያል፤ ጉልበቶቼ ቀጥ ብለዋል፣ ክንዶቼ ተወጥረዋል፣ ዓይኔም የማሽኑ አፍንጫ ላይ ተተክሏል። በዚህ አነሣስ ምንም ያህል ብታገል ሩብ ዙር ሄጄ በጎኔ ከመውደቅ በቀር ሌላ ውጤት ሊመጣ አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ቀድሜ ማስተኛትንና ጭንቅላቴን ወደምዞርበት ትከሻ ቀድሜ ማዞርን ተለማመድኩ። ጭንቅላት ሲዞር ትከሻ ይከተለዋል፣ ትከሻን ደግሞ ወገብ ይከተለዋል፤ አፍንጫውን እያዩ መዞር ግን ፈጽሞ አይሆንም።

«ክንድን ዘርግቶ ማሽኑን ከራስ ማራቅ ከመመታት ያድናል» የሚለው አመለካከት ከፍርሃት የመጣ በመሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ነጂውና ማሽኑ በተራራቁ ቁጥር ዙሩ እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ማሽኑ ተገልብጦ ሳለ ውሃው ላይ የመድረሱ ዕድል ይጨምራል። መሪውን ወደ ዳሌ አስጠግቶ መያዝና በመቆሚያው ላይ የሚገጠሙትን የእግር መያዣዎች ተጠቅሞ ማሽኑን በእግር ጭምር መጎተት ዙሩን ያሳጥረዋል። ሙከራው እንደማይሳካ ሲታወቅ ግን ማሽኑን ወዲያው ገፍቶ መራቅ ይገባል፤ በእጅ አንጓ ላይ የታሰረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ ሲነቀል ሞተሩ ይቆማል።

ሌላው በሰፊው የሚነገረው «አየር ላይ ጋዝ መስጠትና መሪ ማዞር ዙሩን ይጨርሰዋል» የሚለው ነው። ጄት ስኪ የሚገፋው ከሥሩ ውሃ ስቦ በኋላው አፈሙዝ በኃይል በመርጨት ሲሆን፣ መሪው የሚያዞረውም ይህንኑ አፈሙዝ ነው። ፓምፑ ከውሃ ሲወጣ የሚስበው አየር ብቻ ስለሚሆን ግፊትም ሆነ አቅጣጫ የሚሰጥ ነገር አይኖርም። በዚያች ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ድንገት ወደ ቀጭን ጩኸት ሲለወጥ በግልጽ ይሰማል፤ ጭነት የሌለበት ሞተር ከልክ በላይ እየዞረ ነው ማለት ነው። ጋዙን ይዞ ማረፍ ደግሞ ፓምፑ ውሃውን በድንገት ሲነክስ በማስተላለፊያው ዘንግ ላይ ከባድ ምት ያሳርፋል። ጩኸቱ ሲሰማ ጋዙን መልቀቅና ማሽኑ ውሃውን ከነካ በኋላ በመጠኑ መልሶ መስጠት የተሻለ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በፍጥነት መምጣት ርቀት እንጂ ዙር አይሰጥም፤ ማሽኑን በጠርዙ ለማስተኛት የሚያስፈልገውን ጊዜም ይነጥቃል።

«ውድ ማሽን የሌለው ሰው አይሞክረው» የሚባለውም ከፊል እውነት ነው። ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በሌክ ሃቫሱ በተካሄደው የጄት ስኪ የዓለም ፍጻሜ ውድድር የፍሪስታይል (የትርኢት ዘርፍ) ተወዳዳሪዎች ሞገድ በሌለበት ውሃ ላይ ጭምር ሲገለባበጡ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ለዚያ ዓይነቱ ቀላል ቀፎና ጉልበቱ የጨመረ ሞተር የግድ ያስፈልጋል። ሞገድን ተጠቅሞ ለሚነሣ ሰው ግን ወደ 140 ኪሎ የሚመዝነው ባለ 701 ሲሲ የያማሃ ሱፐርጄት ሳይሻሻልም ይበቃል። ወደ 250 ኪሎ በሚመዝነው ባለ 1500 ሲሲ የካዋሳኪ ኤስኤክስ-አር መጀመርን ግን አልመክርም፤ ያ ማሽን ለቀጥታ ፍጥነትና ለውድድር መስመር የተሠራ ነው።

«ውሃ ስለሆነ ቢወድቁም አይጎዳም» ማለት ከሁሉ የከፋው አመለካከት ነው። ከማሽኑ አፈሙዝ የሚወጣውም ሆነ በኃይል ሲወድቁ የሚገፋው ውሃ ወደ ሰውነት ክፍተቶች ገብቶ የውስጥ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አምራቾች በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ማስጠንቀቂያ ያሳስባሉ፤ ተራ የዋና ልብስ ሳይሆን ወፍራም የዌትሱት (ለውሃ ስፖርት የሚለበስ የጎማ ልብስ) ሱሪ እንዲለበስ የሚያዙትም ለዚህ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሕይወት አድን ጃኬትና ሄልሜት መልበስ፣ ጥልቀት ያለው ውሃ መምረጥ፣ በአካባቢውም ዋናተኛና ሌላ ማሽን አለመኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም ብዙ ጀማሪዎች የተገለበጠ ማሽን በየትኛውም በኩል ቢመለስ ለውጥ የለውም ብለው ያስባሉ። በስህተት አቅጣጫ ሲመለስ ግን በጭስ መውጫው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ሊፈስ ይችላል። ትክክለኛው አቅጣጫ በማሽኑ የኋላ ክፍል ላይ በቀስት ተለጥፎ ይገኛል። ማሽኑ ከተመለሰ በኋላም ወዲያው ወደ ሞገዱ መሮጥ ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ሙሉ ጋዝ ሳይሰጡ በመጠነኛ ፍጥነት መንዳት ይገባል፤ በሆዱ የቀረው ውሃ ካልወጣ ከወዲያ ወዲህ እየተንሸራተተ ማሽኑን ያከብደዋል፣ ቀጣዩንም ሙከራ ገና ከመነሻው ያበላሸዋል።