ውጫዊ ተፅዕኖን በግብር፣ በድጎማና በቁጥጥር ማረም፦ የኢትዮጵያ ተሞክሮ

ውጫዊ ተፅዕኖ የሚባለው አንድ ምርት ወይም ግብይት በውሉ ውስጥ በሌለ ሦስተኛ ወገን ላይ የሚያስከትለው፣ በዋጋው ያልታሰበ ጉዳት ወይም ጥቅም ነው። አንድ የቆዳ ፋብሪካ ያላጣራውን ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲለቅ፣ ከታች በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማው ገበሬ ጉዳቱን ይሸከማል እንጂ ፋብሪካውም ሆነ ጫማውን የገዛው ሰው የሚከፍሉት ነገር የለም። በአንጻሩ ተራራውን ከከብት ከልሎ ደን ያስመለሰ ቀበሌ፣ በግርጌው ያለውን መንደር ከጎርፍ ሲታደግ ምስጋና እንጂ ክፍያ አያገኝም። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርተር ፒጉ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው፣ መንግሥት ጉዳት በሚያደርሰው ላይ ግብር እየጣለ፣ ጥቅም የሚያስገኘውንም እየደጎመ ይህን መዛነፍ ሊያስተካክል እንደሚችል አስረድቷል። ሮናልድ ኮዝ በበኩሉ በ1960 እ.ኤ.አ. መብቶች በግልጽ ከተለዩና የድርድር ወጪው አነስተኛ ከሆነ ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሊስማሙ እንደሚችሉ ተከራክሯል። የኢትዮጵያ ሕግ በአመዛኙ የፒጉን መንገድ የተከተለ ነው።

በደርግ ዘመን ምግብ ለሥራ በሚባለው አሠራር ሰፊ የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራ ተከናውኗል። የዛሬው ሕጋዊ መሠረት ግን የተጣለው በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ1989 ዓ.ም. የአካባቢ ፖሊሲ ጸደቀ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጡ። ሁለተኛው አዋጅ የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲሸፍን ያስገድዳል፤ ብክለትን ለመቆጣጠር ለሚያገለግሉ አዲስ መሣሪያዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ የመሆን ማበረታቻ ይሰጣል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው አቤት ባዩን ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ይህን ያህል በሩን ለዜጋ የከፈተ ሕግ ያኔ በብዙ አገሮች አልነበረም።

አፈጻጸሙ ከሕጉ ርቆ ቀርቷል። በአቃቂና በሞጆ ወንዞች መበከል ምክንያት አንድ የሙያ ማኅበር የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ከሶ የነበረ ቢሆንም፣ የፌዴራሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል። የተፅዕኖ ግምገማ ሥልጣን በ2009 እ.ኤ.አ. ለየዘርፉ መሥሪያ ቤቶች በውክልና መተላለፉም፣ ኢንቨስትመንቱን የሚያስፋፋው አካል ራሱ ጉዳቱን የሚመዝን ሆኗል የሚል ነቀፌታ አስከትሏል። መሥሪያ ቤቱም ከባለሥልጣን ወደ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ወደ ኮሚሽን፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ወደ ባለሥልጣን ተቀይሯል። ፍሳሽ ለመቆጣጠር ናሙና የሚወስድ ባለሙያና የሚመረምር ላቦራቶሪ ሳይቋረጥ መኖር ስላለበት፣ እንዲህ ያለው መዋቅር መለዋወጥ ሥራውን እንደጎዳው መገመት አያስቸግርም።

በአንጻሩ ጥረቱ ውጤት በግልጽ ያሳየው ጉምሩክ በር ላይ በሚሰበሰበው ግብር ነው። ከ2012 ዓ.ም. በፊት በሥራ ላይ በነበረው የኤክሳይዝ ታክስ (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር) አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት የቤት መኪና የሚከፍለው ግብር በሞተሩ መጠን ብቻ የሚለይ ሲሆን፣ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። የመኪናው ዋጋ በእርጅና ቅናሽ እየተቀነሰ ስለሚተመን፣ ያረጀው መኪና ከአዲሱ ያነሰ ግብር ይከፍል ነበር። የአዲስ አበባን ጎዳና አሮጌ ቪትዝና ኮሮላ የሞሉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ይህን ስሌት ገለበጠው። ለአዲስና አነስተኛ ሞተር ላለው መኪና ግብሩ ከ30 ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ዕድሜው በገፋና ሞተሩ ከፍተኛ በሆነ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ።

የግብሩን ክብደት ለማየት አንዱ በሌላው ላይ እንዴት እንደሚደራረብ ማስላት ይጠቅማል። ወደብ የደረሰበት ዋጋ 100 ብር ነው ብለን የምንነሣለት፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ የቤት መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲታከልበት 135 ብር ይሆናል። ኤክሳይዙ 100 በመቶ የሚታሰበው በዚህ ላይ ስለሆነ 270 ይደርሳል፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ሲጨመር 310 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በድምሩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባለው የገቢ ዕቃዎች ተጨማሪ ግብር ሲያርፍ 341 ብር ከ55 ሳንቲም ይሆናል፤ ሌሎች አነስተኛ ክፍያዎች ከዚህ ውጪ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሲያደርግ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ቀረጥ አስቀርቶ፣ ተበታትኖ ለሚገባው ግን ምንም አላስከፈለም። ስለዚህ ያው የ100 ብር መኪና ኤሌክትሪክ ሲሆን 115 ብር ብቻ ያወጣ ነበር ማለት ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። ሌሎች አገሮች ለ2030ዎቹ የቀጠሩትን እርምጃ ኢትዮጵያ ቀድማ መውሰዷ በዓለም መነጋገሪያ ሆኗል። ውሳኔው ከአየር ብክለት ይልቅ በውጭ ምንዛሪ እጥረት የተነሣ ነው የሚሉ አሉ፤ መንግሥትም ቢሆን ለነዳጅ የሚወጣውን ምንዛሪ በምክንያትነት ጠቅሷል። አብዛኛው የአገሪቱ ኃይል ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑና የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በመመረቁ፣ ሁለቱ ዓላማዎች እዚህ አገር የሚጋጩ አይደሉም። የዚህ ሥርዓት እውነተኛ ድክመት ሌላ ቦታ ነው፦ ግብሩ የሚያርፈው በግዢው እንጂ በመንዳቱ ላይ ስላልሆነ፣ ቀደም ብሎ የገባው አሮጌ መኪና ዋጋው ንሮ ይበልጥ ዕድሜው እየተራዘመ ጭሱን ያወጣል።

በነዳጅ ዋጋ ረገድ መንግሥት ለብዙ ዓመታት ከዓለም ገበያ በታች ሲሸጥ ቆይቷል፤ ይህም በውጫዊ ተፅዕኖ ዓይን ጭስን መደጎም ነበር። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እንዲነሣ ሲወሰን፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ በቴሌብር በኩል ድጎማ እንዲያገኙ ተደርጓል።

ትምባሆን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በ20 ፍሬ ፓኬት ላይ 30 በመቶና በተጨማሪ 8 ብር ኤክሳይዝ ጥሏል። የቀድሞው ምጣኔ 75 በመቶ ስለነበር የተቀነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን የቀድሞው የሚታሰበው በማምረቻ ወጪ ላይ ሲሆን አዲሱ በፋብሪካ መሸጫ ዋጋ ላይ ነው። የ8 ብሩ ክብደት ግን ብር የመግዛት አቅሙን ባጣ ቁጥር አብሮ ይቀልላል። ከዚያ ዓመት ቀድሞ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ከልክሎ፣ ከፓኬቱ ገጽ 70 በመቶ የሚሆነውን የማስጠንቀቂያ ሥዕል እንዲሸፍነው አዟል፤ ይህም ከአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ሕጎች አንዱ ነው። በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. መንግሥት በብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት የነበረውን አብላጫ ድርሻ ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ ሸጧል። ከዚያ በፊት ግን ሲጋራ አምራቹም ቀራጩም አንድ መንግሥት ነበር።

ፌስታልን የሚመለከተው የመጀመሪያ ሕግ የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ሲሆን፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረት፣ እንዳይገባም ከልክሏል፤ ገበያው ግን ሕጉን የሰማ አይመስልም ነበር። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን ጨርሶ የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል።

ጠቃሚ ውጫዊ ተፅዕኖን በክፍያ ለማበረታታት የተሞከረው በተለይ በወላይታ ዞን ሁምቦ ወረዳ ነው። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከልቅ ግጦሽ ተከልሎ፣ የተቆረጡት ዛፎች ከጉቶአቸው እንዲያቆጠቁጡ ተደረገ፤ የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ የዓለም ባንክም በባዮካርቦን ፈንድ በኩል ከካርቦን ክምችቱ ከፊሉን ገዛ። ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም. በኪዮቶው የአየር ንብረት ስምምነት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ሲመዘገብ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ሰፊ የደን ፕሮጀክት ሆነ፤ በ30 ዓመት 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎም ታቅዷል። ገንዘቡ በማኅበራቱ በኩል ለአባላቱ ስለሚደርስ፣ ደኑን የሚጠብቁት የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው።