ማይክሮ አር ኤን ኤ ምንድን ነው? አለቃ ግን አይደለም

ከ2024ቱ የኖቤል ሽልማት ወዲህ «ማይክሮ አር ኤን ኤ የጂን ማብሪያና ማጥፊያ ነው» ሲባል ስሰማ ሰነበትኩ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ጡንቻን የሚሠራው እሱ ነው፣ አለቃው እሱ ነው» ብሎ ደመደመ። ቆይ ወንድሜ፣ እሱንስ ማን አዘዘው?

ቆቦ ሜዳ ላይ የውሃ አባት የመስኖ ተራ ሲያዞር ያየ ሰው ይገባዋል። አዲሱን ቦይ በአካፋ ይከፍታል። ወዲያው የድሮው ቦይ አፍ ላይ ጭቃና ሣር ይደፋል። ጭቃው ውሃውን ድርቅ አያደርገውም፣ ያሳንሰዋል። ማይክሮ አር ኤን ኤ ያ ጭቃ ነው። በዘር መልእክት ፊደል ብትቆጠር 22 ገደማ ብትሆን ነው። ፕሮቲን ለማሠራት የተላከ መልእክት ላይ ትለጠፍና ምርቱን ትቀንሳለች።

የውሃ አባቱስ? ማዮዲ የሚባል ፕሮቲን ነው። ጨቅላው ህዋስ መባዛቱን ትቶ የጡንቻ ክር ወደ መሆን ሲያመራ፣ ማዮዲ የጡንቻ ጂኖችን ይከፍታል። በዚያው እጁ ሚር-206 የምትባለውን ማይክሮ አር ኤን ኤም ያስነሳል። ሚር-206 ህዋሱን በጨቅላነት ይዞት የነበረውን የፓክስ-7 መልእክት ያሳንሳል። የድሮው ቦይ የሚጎድለው እንዲህ ነው። እርግጥ ጭቃ ውሃን አያፈርስም፤ ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን መልእክቱን እስከማስፈረስ ይደርሳል።

«የማይክሮ አር ኤን ኤው ጂን ተነበበ ማለት ማይክሮ አር ኤን ኤው በዛ ማለት ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። መጀመሪያ የሚወጣው ረጅም ክር ነው። ድሮሻ፣ ቀጥሎም ዳይሰር የሚባሉ ቆራጮች ካልቆረጡት ሥራ የለውም። ሚር-1 እና ሚር-133 ከአንድ ክር ይቆረጣሉ፤ አንዱ ህዋሱን ወደ ብስለት ሲገፋ ሌላው መባዛቱን ሲያግዝ ታይቷል። ስለዚህ የተቆረጠውን ለኩ! ደግሞም ከምናውቀው ብዙው የመጣው የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ከሚያድግ የአይጥ ህዋስ ነው። ሳህን ነርቭ የለውም፣ ዳገት አይወጣም።

ቴክሰል የሚባለውን የሆላንድ በግ ተመልከቱ። ጡንቻው ያስደንቃል። ማዮስታቲን የጡንቻን እድገት የሚገታ ፕሮቲን ነው። በዚህ በግ የማዮስታቲን መልእክት ጫፍ ላይ አንዲት ፊደል፣ ጂ ወደ ኤ ተቀይራ፣ ለሚር-1 እና ለሚር-206 ማረፊያ ሆነች። ማዮስታቲን ቀነሰ፣ ሥጋው በዛ። ሚር-1 እኮ ደሴ ገበያ ሽንጡን ዳብሰን በምንገዛው በግ ውስጥም አለ። ቴክሰል ላይ የተለወጠው እሱ ሳይሆን የሚያርፍበት መልእክት ነው።