ላፕ ስቲል ጊታር ምንድን ነው? ቅኝቱስ እንዴት ነው?

ጊታር ነው። ግን አታቅፉትም። ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ ታስተኙታላችሁ። ቀኝ እጃችሁ ክሩን ይመታል፣ ግራ እጃችሁ ደግሞ ከበድ ያለ ብረት ይይዛል። ጣት ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ብረቱ ክሮቹን ከላይ ዳሰስ አድርጎ ይንሸራተታል፣ ድምፁም አብሮት ይንሸራተታል።

"ላፕ" ጭን ማለት ነው። "ስቲል" ደግሞ በእጅ ከሚያዘው ብረት የመጣ ስም ነው። ብዙ ሰው ጊታሩ ራሱ ከብረት የተሠራ ይመስለዋል። ከብረት የተሠሩም አሉ፣ እነሱ ጋ እንደርሳለን፤ አብዛኞቹ ግን እንጨት ናቸው።

ማሲንቆ ሲመታ በቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አዝማሪው ጣቱን ጭራው ላይ ያሳርፋል እንጂ ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አያጋጨውም። ስለዚህ በአንዱ ድምፅና በሚቀጥለው መካከል ያለው ቦታ ሁሉ የእሱ ነው፤ ይጎትተዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲፈልግ እንደ ሰው ያስለቅሰዋል። ላፕ ስቲልም እንደዚያው ነው። አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶች የሚባሉት፣ ምልክት ብቻ ናቸው፣ ብረቱ አይነካቸውም። እኔ ይህን መሣሪያ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ጊታር ላይ ትዝታ ስጫወት ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይጎድለኝ ነበር፤ ለካ የጎደለው ያ በመካከል ያለው ቦታ ነው።

የተጀመረው ሃዋይ ነው። ዘዴውን አመጣ ተብሎ የሚጠራው ጆሴፍ ኬኩኩ እ.ኤ.አ. በ1874 ኦዋሁ ደሴት ላይ ተወለደ። ገና ተማሪ እያለ ክሩ ላይ ብረት ማንሸራተት ጀመረ ይባላል። ብረቱ ምን እንደነበር ግን ተራኪዎቹ አይስማሙም፤ አንዱ ብሎን ነው ይላል፣ ሌላው ማበጠሪያ። ኬኩኩ በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዘዴውን በየመድረኩ አሳየ፣ በኋላም አውሮፓ ዞረ። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሃዋይ ሙዚቀኞች ሲጫወቱ ሕዝቡ አበደላቸው። ከዚያ በኋላ በመላው አሜሪካ የሃዋይ ጊታር መማር ፋሽን ሆነ።

ፍላጎቱ ሲመጣ ሠሪዎቹም መጡ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኸርማን ቫይሰንቦርን የሚባል ጀርመን የተወለደ ባለሙያ ኮዋ ከሚባለው የሃዋይ እንጨት ጊታር ይሠራ ነበር። የእሱ ጊታር አንገቱም ጭምር ውስጡ ባዶ ነው፤ ሆድና አንገት አንድ ሳጥን ናቸው። ድምፁ ለስላሳና ሰፊ ነው፣ እስኪጠፋም ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ "ቫይሰንቦርን" የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለም፣ የዚህ ቅርፅ መጠሪያ ሆኗል።

ሁለተኛው ዓይነት ሬዞኔተር ነው። የድምፅ ማጉያ ባልተስፋፋበት ዘመን ጊታር በባንድ ውስጥ አይሰማም ነበር፤ ባንጆውና ትንፋሹ ይውጠዋል። ጆርጅ ቦሻምፕ የተባለ ሙዚቀኛ ከፍ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ጊታር ፈለገ፣ ጆን ዶፒዬራ የተባለ ከስሎቫኪያ የመጣ ባለሙያ መላ አገኘለት። ሆዱ ውስጥ ከስስ አሉሚኒየም የተሠራ ሾጣጣ ኮን ማስገባት ነው መላው። ክሩ ሲመታ ብሪጁ፣ ማለትም ሆዱ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ፣ ኮኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ ኮኑ አየሩን ይገፋል። ልክ እንደ ስፒከር ማለት ነው፣ ያለ ኤሌክትሪክ። በ1927 ናሽናል በሚል ስም ሦስት ኮን ያለውን ብረት ለበስ ጊታር አወጡ። በማግስቱ ዓመት ዶፒዬራ ከናሽናል ወጥቶ ከወንድሞቹ ጋር ዶብሮ የሚባለውን መሠረተ። "ዶብሮ" የዶፒዬራ ወንድማማቾች ምህፃር ነው፤ በስሎቫክኛ ደግሞ ጥሩ ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉም እንዲህ በአንድ ቃል ሲገጥም ደስ ይላል።

የዶብሮው ኮን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ ነው፣ ስምንት እግር ያለው ሸረሪት የመሰለ ብረት ላዩ ላይ ይቀመጣል። ድምፁ ጠንከር ብሎ ይነሳል፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚወጣ ዓይነት ነው። ብሉግራስ በሚባለው የአሜሪካ ባህላዊ የክር ሙዚቃ ውስጥ የምትሰሙት ያ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ልጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ከታላላቆቹ የዶብሮ ተጫዋቾች አንዱ ማይክ ኦልድሪጅ የዋሽንግተን ልጅ ነው። ዘ ሴልደም ሲን የተባለው ባንዱ መጀመሪያ ቤተስዳ፣ በኋላ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በርችሚር የሚባለው ቤት ለዓመታት በየሳምንቱ ይጫወት ነበር። ኦልድሪጅ በ2012 አረፈ። እኛ እንጀራ በምንገዛባቸው ሰፈሮች ጎን ይህ ሁሉ ሲሆን ኖሯል፣ እኔ የሰማሁት ግን በጣም ዘግይቼ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የአንገቱን ነገር ነው። ሬዞኔተር በሁለት ዓይነት አንገት ይመጣል። ክብ አንገት ያለው እንደ ተራ ጊታር ታቅፎ የሚጫወቱት ነው፣ ክሮቹ ለፍሬቱ ቅርብ ናቸው። አራት ማዕዘን አንገት ያለው ጭን ላይ የሚተኛው ነው፤ አንገቱ ወፍራም ስለሆነ የከባድ ክር ውጥረት ይችላል፣ ክሮቹም ከፍ ብለው ተወጥረዋል። ፎቶ ላይ ከፊት ስታዩዋቸው መንትያ ናቸው። እኔ የመጀመሪያዬን በኢንተርኔት ሳዝ ሻጩ "ለጭን" ብሎ ጽፎ ነበር፣ ሳጥኑን ስከፍተው ክብ አንገት። ብረቱን ሳሳርፍበት ፍሬቱ ላይ ቃ ቃ ይላል። መመለሻው ዋጋ ስለከበደኝ ቀረ። ስለዚህ የአንገቱን ጀርባ ፎቶ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሬጋል፣ ግሬችና ሪኮርዲንግ ኪንግ ለጀማሪ የሚሆኑ ባለ አራት ማዕዘን አንገት ሬዞኔተሮች ሲሠሩ ቆይተዋል። አዲስ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ዶላር መካከል ናቸው፣ ያገለገለ ካገኛችሁ በጣም ይቀንሳል። ያገለገለ ስትገዙ እያንዳንዱን ክር በየተራ ምቱና ጆሯችሁን ወደ ኮኑ አስጠጉ። የሚንኮሻኮሽ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ነው፣ ይጠበቃል። ኮኑ ራሱ ከተጨራመተ ግን ተዉት። የቫይሰንቦርን ቅርፅ ያላቸው የእስያ ሥራዎችም በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛሉ። የድሮዎቹ ኦሪጅናል ሺዎች ያወጣሉ፣ እሱን ለሰብሳቢዎች እንተውላቸው።

ከሁሉም የሚረክሰው ግን ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ተራ ጊታር ነው። እውነቴን ነው። የጎደለው የክሮቹ ከፍታ ብቻ ነው። አንገቱ ጫፍ ላይ፣ ከመቃኛዎቹ በታች፣ ክሮቹ የሚያልፉበት ነጭ ቁራጭ አለ አይደል? እሱ ላይ የሚደረብ ከፍ ማድረጊያ ብረት አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዶላር ይሸጣል። አዲስ አበባ ካላችሁና ካላገኛችሁት፣ አንድ እርሳስ በአንገቱ ስፋት ልክ ቁረጡ። ክሮቹን አላሉ፣ እርሳሱን ከነጩ ቁራጭ ጎን ከሥራቸው አስገቡት፣ መልሳችሁ ወጥሩ። ክሮቹ ሲነሱ ታያላችሁ። እርሳሱ ለዘላለም አያገለግልም፣ ክሩ ይበላዋል፤ ለመሞከር ግን በቂ ነው። ለብረቱ ደግሞ የካንዴላ መፍቻ ሶኬት፣ ረዘም ያለውን፣ ውጪው ክብና ለስላሳ የሆነውን ውሰዱ። ክብደቱ ልክ ነው። በኋላ ገንዘብ ስታገኙ ለዚሁ የተሠራ፣ ለእጅ የሚመች ጎድጎድ ያለበት ብረት (ባር) ከ30 ዶላር ብዙ ሳይርቅ ትገዛላችሁ።

ቅኝቱ ላይ ደረስን። እኔ መሣሪያውን መሣሪያ የሚያደርገው ይህ ነው ባይ ነኝ።

ብረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ክሮቹን ሁሉ እኩል ቦታ ላይ ነው የሚነካው። በተራ ጊታር ቅኝት ብረቱን ብታሳርፉና ሁሉንም ክር ብትመቱ የሚወጣው ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ክሮቹ ገና ሳይነኩ፣ ባዶአቸውን ሲመቱ፣ ተስማምተው እንዲጮሁ አድርጎ መቃኘት ያስፈልጋል። ፈረንጆቹ "ኦፕን ቲዩኒንግ" ይሉታል። ክራር ለሚመታ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ክራር ጥንቱንም የሚቃኘው እንደዚያ ነው፣ ለትዝታ አንድ ዓይነት፣ ለባቲ ሌላ።

የብሉግራስ ዶብሮ ተጫዋቾች ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ጂ፣ ቢ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ብለው ይቃኛሉ (ፊደሎቹ የድምፆቹ የፈረንጅ ስሞች ናቸው)። ተራ ጊታራችሁን እንዲህ አትቃኙት። ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች ወደ ላይ መወጠር ስላለበት አንገቱን ይጎዳዋል፣ ክሩም ሊበጠስ ይችላል። ለተራ ጊታር ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሻላል። 1ኛ የምለው ቀጭኑን ክር ነው፣ 6ኛ ደግሞ ወፍራሙን። 6ኛውን፣ 5ኛውንና 1ኛውን ክር ሁለት ሁለት ፍሬት ያህል ታላላላችሁ፣ ሌሎቹ ባሉበት ይቀመጣሉ። ወደ ላይ የሚወጠር የለም።

ሌላው ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ዲ ነው፤ ቫይሰንቦርን የሚጫወቱት ይወዱታል፣ ይህም በማላላት ብቻ ይገኛል። ሦስተኛው ሲ 6 የሚባለው ነው፦ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ። ይህን ስም ስሰማ ቆይቼ አንድ ቀን ድምፆቹን ወረቀት ላይ ስጽፋቸው ደነገጥኩ። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አራቱ ባዶ ክሮቹ ላይ ተቀምጠዋል፣ የቀረችው ሬ ብቻ ናት። እሷም ዶ ክር ላይ 2ኛው ፍሬት ጋ ናት። ለሲ 6 ግን የራሱ የክር ስብስብ መግዛት ያስፈልጋል፣ በጊታር ክር አይሆንም።

ለተራ ጊታር ባልነው የጂ ቅኝት (ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ) ግን አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። 3ኛው ክር ባዶ፣ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 2ኛው ክር ባዶ፣ 1ኛው ክር ባዶ፣ 1ኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 1ኛው ክር 5ኛ ፍሬት። ይኸው ትዝታ ሜጀር። 2ኛውን ክር ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም አንድ ፍሬት ያህል፣ አላሉትና 1ኛው ክር ላይ በ2ኛው ፍሬት ፈንታ 1ኛውን ብትይዙ ትዝታ ማይነር ይሆናል።

አምባሰል ደግሞ ከዚህም ይገርማል። 2ኛውን ክር ወደ ቦታው መልሱ። 3ኛው ባዶ፣ 3ኛው በ1ኛ ፍሬት፣ 2ኛው በ1ኛ ፍሬት፣ 1ኛው ባዶ፣ 1ኛው በ1ኛ ፍሬት፣ ከዚያ 5ኛው ፍሬት ላይ ትዘጋላችሁ። ብረቱ ከ1ኛው ፍሬት ብዙም ሳይርቅ አምባሰል ሙሉውን ይወጣል። ይህን ያገኘሁ ምሽት እስኪነጋ ቁጭ ብዬ ነበር።

ይህን የሞከርን እኛ ብቻ አይደለንም። ህንዶች ይህንኑ የሃዋይ ጊታር ወስደው ለራሳቸው ክላሲካል ሙዚቃ አገራዊ አድርገውታል። ቪሽዋ ሞሃን ባት ተጨማሪ ክሮች ያሉት ጊታሩን ሞሃን ቪና ብሎ ሰይሞ በ1994 ግራሚ አግኝቶበታል።

ስለ እጅ አያያዝ ሁለት ነገር ብቻ። ተራ ጊታር ላይ ጣት ከፍሬቱ ኋላ ነው የሚያርፈው። እዚህ ብረቱ በቀጥታ ከፍሬቱ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ብረቱን ከላይ ቀጥ ብላችሁ አጎንብሳችሁ እዩት፣ ከጎን ስታዩት ያታልላል። ሁለተኛው፣ ከብረቱ ኋላ የቀሩትን ጣቶች ክሮቹ ላይ ዘርግታችሁ አሳርፉ። ካላሳረፋችሁ ከኋላ ያለው የክር ቁራጭ አብሮ ይጮኻል፣ ድምፁ ይቆሽሻል። ጀማሪ "ጊታሬ መጥፎ ነው" የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሲለምድላችሁ ትዝታው ላይ ከ2ኛው ፍሬት ወደ 5ኛው ስትሄዱ ብረቱን አታንሱት። ቀስ ብላችሁ ጎትቱት፣ ልትደርሱ ስትሉ ትንሽ አዘግዩት፣ ከዚያ 5ኛው ላይ አሳርፉትና አንቀጥቅጡት።