«በሩ ከተከፈተ ፈቃዱ ነው» እና ስለ እግዚአብሔር ምሪት የምንሳሳታቸው ሌሎች ነገሮች

ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? ላግባት ወይስ ይቅርብኝ? ውጭ ልሂድ ወይስ እዚሁ ልታገል? ከቅድስት ሥላሴ አስቀድሶ የወጣውም፣ ከጉባኤ የተመለሰውም፣ አራት ኪሎ ካፌ ሲቀመጥ የሚያነሳው ያው ጥያቄ ነው። መልሱንም አብዛኞቻችን በቃላችን ይዘነዋል። ችግሩ፣ በቃል ከያዝነው ብዙው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም።

«በሩ ከተከፈተና ልቤ ካረፈ፣ ፈቃዱ ነው»

ይሄ ከሁሉም በላይ ይወደዳል። ታዲያ ዮናስን ምን እናድርገው? ወደ ነነዌ ሂድ ተብሎ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል ኢዮጴ ሲወርድ፣ መርከቡ ቆሞ አገኘው። የመሳፈሪያ ገንዘብም አላጣም። ከመርከቡ ውስጠኛ ክፍል ወርዶ ለጥ ብሎ ተኛ። በሩ ተከፍቷል፣ ልቡም አርፏል። ሰውየው ግን እየሸሸ ነው።

ጳውሎስ ደግሞ ከኤፌሶን ሲጽፍ፣ ትልቅ በር ተከፍቶልኛል፣ ተቃዋሚዎችም ብዙ ናቸው ይላል (1ኛ ቆሮ. 16፥9)። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ጢሮአዳ ላይ ግን በር ተከፍቶለት ሳለ፣ የአገልግሎት ባልደረባውን ቲቶን ስላላገኘ ትቶት ሄደ (2ኛ ቆሮ. 2፥12-13)። ጌታም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ሳለ፣ ከመንገዱ አልተመለሰም።

ስለዚህ ቪዛ ተመታልኝ ማለት ሂድ ተባልኩ ማለት አይደለም። ተከለከልኩ ማለትም አትሂድ ተባልኩ ማለት አይደለም። የልብ ሰላም ዋጋ የለውም አልልም፤ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም።

«ኤርምያስ 29፥11 የእኔ ነው፤ በቅርቡ ይሳካልኛል»

ከአራት ኪሎ መገናኛ በሚጭን አንድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጀርባ፣ ጫፉ የተላጠ ስቲከር አለ። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» ይላል። ግሩም ቃል ነው። ግን ለማን ተጻፈ? ከኢየሩሳሌም ተነቅለው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች። ያኔ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ይመለሳል እያለ ሕዝቡን ያስደስት ነበር። ኤርምያስ ግን «70 ዓመት ይፈጃል» አላቸው። እስከዚያው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ይሄ ምዕራፍ ከማንም በላይ የሚገባቸው ይመስለኛል። የድሮው ጎረቤት ተበትኗል፣ ዕድሩም፣ የለመዱት ደብርም ሩቅ ሆኗል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የምዕራፉ ምሪት «ነገ ትመለሳለህ» አይደለም። አዲሱ ሰፈር ዕድር ግባ፣ ልጆችህን እዚያው ትምህርት ቤት አስመዝግብ፣ ከጎረቤትህ ጋር ቡና ተጠራራ ነው። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ኤርምያስም ቀላል ነው አላለም።

«ነቢዩ ነግሮኛል፤ አለቀ»

1ኛ ነገሥት 13ን አንብቡ (በሰማንያ አሐዱው 3ኛ ነገሥት ነው)። ከይሁዳ ወደ ቤቴል የተላከ የእግዚአብሔር ሰው፣ እዚያ እህል እንዳትበላ፣ ውሃም እንዳትጠጣ ተብሏል። አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጣና «መልአክ ነግሮኛል፣ ቤቴ ገብተህ ብላ» አለው። ዋሽቶት ነው። እንግዳው አምኖ በላ፤ ሲመለስ መንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። የሚገርመው፣ የዋሸው ሰው በዚያው ማዕድ ላይ እውነተኛ ቃል መጥቶለት ተናግሯል! ጳውሎስ ትንቢትን አትናቁ ባለበት አፉ ሁሉን ፈትኑ ያለው ወዶ አይደለም (1ኛ ተሰ. 5፥20-21)።

«ጌታ ሚስቴ እንደሆንሽ ነግሮኛል» የሚል ወንድም ከመጣ፣ እህቴ፣ «ለእኔም ሲነግረኝ እደውልልሃለሁ» በይው። ጳውሎስ እንኳ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ በጌታ ይሁን እንጂ የወደድሽውን ለማግባት ነጻ ነሽ ነው ያላት (1ኛ ቆሮ. 7፥39)።

«እንደ ጌዴዎን ምልክት ልጠይቅ»

ጌዴዎን ጠል ይወርድበት እንደሆነ ለማየት የበግ ጠጉሩን ከመዘርጋቱ በፊት ምን እንደሚያደርግ ተነግሮት ነበር። ራሱም «እንደ ተናገርህ» ይላል። የጎደለው ድፍረት ነው፤ እግዚአብሔርም ታገሠው። «አውቶቡሱ ቶሎ ከመጣ ሥራዬን እለቃለሁ» የሚለው ጨዋታ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ከጸለይኩ ወዲያ ሰው መጠየቅ እምነት ማነስ ነው»

የፋርስ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ፣ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ መጸለይ የጀመረው በካሴሉ ወር ነው። ንጉሡ ፊት የተናገረው በኒሳን፤ አራት ወር ገደማ ቆይቶ። ሲፈቀድለትም ዝም ብሎ አልተነሳም። ለገዥዎቹ የሚሰጥ ደብዳቤ ጠየቀ፣ ለእንጨቱም ለዱሩ ጠባቂ ሌላ ደብዳቤ አጻፈ። ሲደርስ ሌሊት ተነስቶ የፈረሰውን ቅጥር እየዞረ አየ።

አንዲት የማውቃት ልጅ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ሱባኤ ያዘች። ሲያልቅ ንስሐ አባቷ ጋ ሄደች። አባ ጸልየውላት ሲያበቁ «ደመወዙ ስንት ነው ልጄ? የቤት ኪራዩስ? እናትሽን ማን ያያል?» አሏት። አንዱንም አላጣራችም ነበር። መንፈሳዊ ቃል ጠብቃ ስለነበር ቅር አላት። ከደብሩ ግቢ ሳትወጣ ግን ሐዋሳ ላለች ዘመዷ ደወለች። ኪራዩ የደመወዙን ግማሽ እንደሚበላ የሰማችው ያኔ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ በስልክ የሚያልቅ አልነበረም። እሱን ከወንድሞቿ ጋር ቁጭ ብለው እየተነጋገሩበት ነው።