«አብሽር፣ ለሁሉም ይሆናል»፦ ስለ ሲቪቲ ካምቢዮ ዘይት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን መኪና ማቆየት ግዴታ ሆኗል። ደሴና ኮምቦልቻ ከሚመላለሱት ውስጥ ደግሞ ሲቪቲ የሚባለው፣ ማርሽ ሳይቆራረጥ ፍጥነት የሚለውጠው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ብዙ ናቸው። የቅርብ ጊዜዎቹን ቪትዞችና ያሪሶች፣ አንዳንድ ኒሳኖችንም ጨምሩ። ይህ ካምቢዮ አንዴ ከተበላሸ የሚከፍተው ባለሙያ ማግኘት ከባድ ነው። መለዋወጫው ውድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው ሙሉውን አውርዶ ያገለገለ መግጠም ነው። ከብልሽቱ ምክንያቶች ሁሉ የሚቆጨኝ ግን ዘይት ነው፤ ምክንያቱም በቀላሉ ማስቀረት ይቻል ነበር። በየመለዋወጫ ሱቁና በየጋራዡ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«የአውቶማቲክ ዘይት እስከሆነ ድረስ ይሠራል»

አይሠራም። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የለመድነው አውቶማቲክ ካምቢዮ ጥርስ ያላቸው ማርሾች አሉት። ሲቪቲ ውስጥ ግን ኃይሉን የሚያስተላልፈው በሁለት ፑሊዎች መሃል የሚዞር ቺንጋ ነው። አንዱ ፑሊ ሲጠብ ሌላው ይሰፋል። ቺንጋው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ፍጥነቱም ማርሽ ሳይቆራረጥ ይለወጣል። ዳፍ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1958 ይህን አሠራር መኪና ላይ ሲገጥም ቺንጋው የጎማ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ያለው የብረት ነው። በስስ የብረት ቀለበቶች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ብረቶች ተደርድረው የተሰኩበት ነው።

እንግዲህ ብረት ብረትን ጨብጦ ነው መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው። በመሃላቸው ያለው ዘይቱ ብቻ ነው። ዘይቱ ሁለት የማይጣጣሙ ሥራዎች ተጥለውበታል። ብረቱ እንዳይበላላ ማለስለስ አለበት። ቺንጋው እንዳያንሸራትትም ማስያዝ አለበት። የሲቪቲ ዘይት የተቀመመው ለዚህ ነው። የተለመደው ቀዩ የአውቶማቲክ ዘይት ግን የተቀመመው ለፍሪሲዮን ሸራዎች ነው። ሲቪቲ ውስጥ ሲገባ ቺንጋው መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። ቺንጋው ሲንሸራተት የፑሊውን ፊት ይቧጭረዋል። የተቧጨረ ፑሊ ደግሞ ምንም ዓይነት ዘይት ቢቀየርለት አይድንም።

ሰውን የሚያታልለው መኪናው ወዲያው አለመቆሙ ነው። ዘይቱ የተቀየረ ዕለት ደህና ይሄዳል። ቆይቶ ከቆመበት ሲነሳ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናው ግን አይስብም። ያን ጊዜ ባለቤቱ ነዳጁን ይጠረጥራል፣ ካንዴላ ይቀይራል። የካምቢዮ ዘይቱ ትዝ የሚለው የለም።

ቀለሙንም አትመኑ። ቀይም ሆነ አረንጓዴ፣ ዘይቱ ውስጥ የተጨመረ ማቅለሚያ ነው። ስለ ቅመማው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

«ጀርባው ላይ የመኪናዬ ስም አለ፤ ስለዚህ ፋብሪካው ፈቅዶታል»

ሱቅ ገብታችሁ «ወንድሜ፣ ለቪትዝ የሲቪቲ ዘይት አለህ?» ትላላችሁ። «አብሽር፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ይላችኋል። ባለሱቁ እየዋሸ አይደለም፤ ዕቃው ላይ ያነበበውን ነው የነገራችሁ። እስቲ አዙራችሁ ጀርባውን እዩት። የመኪና ፋብሪካዎች ዘይቶች ረጅም ዝርዝር ታገኛላችሁ፦ ቶዮታ ቲሲ፣ ቶዮታ ኤፍኢ፣ ኒሳን ኤንኤስ-2፣ ኤንኤስ-3፣ ሆንዳ ኤችሲኤፍ-2፣ ሚትሱቢሺ ጄ-4፣ ሱዙኪ ግሪን-2 እያለ ይቀጥላል።

ይህን ዝርዝር የጻፈው ዘይት አምራቹ ነው። «የእኛ ዘይት ለእነዚህ ይስማማል» እያለ ነው። ቶዮታ ወይም ኒሳን ፈትሾ ማኅተሙን አሳረፈበት ማለት አይደለም። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ዘይቶችም እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳን የቶዮታ ኤፍኢ ከቲሲው ይቀጥናል። የሆንዳ አዲሱ ዘይት የድሮዎቹን የሆንዳ ሲቪቲዎች ዘይት አይተካም። ለሁሉም የሚል ዘይት እነዚህን ሁሉ ለማስታረቅ መሃል ላይ የተቀመጠ ነው። መሃሉ ለአንዱ መኪና በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

«እንግዲያው ዩኒቨርሳል ሁሉ መርዝ ነው፤ ኦሪጅናል ብቻ!»

ይህም ልክ አይደለም። አይሲን ራሱ ካምቢዮ የሚሠራ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ለብዙ መኪኖች የሚሆን የሲቪቲ ዘይትም ለገበያ ያቀርባል። ስም ያላቸው ሌሎች የዘይት ኩባንያዎችም አሉ። በእነዚህ ዘይቶች ያለችግር የሚሄዱ መኪኖች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል የቶዮታ ስም ያለበት ቆርቆሮ ስለያዛችሁ ብቻ ውስጡ የቶዮታ ዘይት ነው ማለት አይቻልም። ባዶ ዕቃ ተሰብስቦ እንደገና ሊሞላ ይችላል። ክዳኑን፣ ማሸጊያውን፣ የታተመውን የምርት ቁጥር ተመልከቱ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ጠይቁ። የጨረሳችሁትን ቆርቆሮም ሳትበሱት አትጣሉ።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። የመኪናው ፋብሪካ ያዘዘው ዘይት ታሽጎ ከተገኘ እሱን ግዙ፤ ከአዲስ አበባ ማስላክ ቢያስፈልግም ያዋጣል። እሱ ከጠፋ፣ የታወቀ አምራች ሆኖ የእናንተን ዘይት በስሙና በቁጥሩ ጠቅሶ የጻፈውን ውሰዱ። «ለሁሉም ሲቪቲ» ብቻ ብሎ የየትኛውንም ፋብሪካ ዘይት በስም የማይጠራውን ግን መደርደሪያው ላይ ተዉት። መኪናው ገና ዋስትና ላይ ከሆነ ደግሞ ከታዘዘው ዘይት ውጭ አትንኩ።

«ሁለት ፔዳል ካለው ሲቪቲ ነው»

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ማርሹን ራሱ የሚቀይረው ሱዙኪ ዲዛየር ፍሪሲዮን ፔዳል የለውም፤ ካምቢዮው ግን በብዙዎቹ ላይ ማኑዋል ነው። በእነዚህ ላይ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ኮምፒውተር ነው፤ የሚፈልጉትም የማኑዋል ካምቢዮ ዘይት ነው። ቶዮታ ፕሪየስን ደግሞ ሰው ሲቪቲ ይለዋል። ውስጡ ግን ቺንጋ የለም፤ የሚሠራው በማርሽና በኤሌክትሪክ ሞተሮች ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ የሚጠይቁት ደብልዩኤስ የተባለውን የቶዮታ አውቶማቲክ ዘይት ነው። እዚያ ላይ የሲቪቲ ዘይት ያስቀየረ ሰው በተቃራኒው ተሳስቷል ማለት ነው።

ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የመጣ መኪና መጽሐፉ በጃፓንኛ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ የለም። ቶዮታ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ትንሿን ሳህን ፈልጉ። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ወይም በሹፌሩ በር በኩል ትገኛለች። እዚያ ላይ የካምቢዮው መለያ ተጽፏል። ኬ410 ወይም ኬ310 ዓይነት፣ በኬ የሚጀምር ከሆነ ሲቪቲ ነው። ፒ410 ከሆነ እንደ ፕሪየስ ያለ የሀይብሪድ ነው። በዩ የሚጀምረው የተለመደው አውቶማቲክ ነው። ካምቢዮው የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ደግሞ የዘይቱ ስም ብዙ ጊዜ እሱ ላይ ተቀርጿል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን በስልክ ፎቶ አንሱት።

«የሲቪቲ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው፤ አይቀየርም»

ይህን የሚል ሰው ሐረጎን አላሰበውም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር። በመሃል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እሱም ጠመዝማዛ። አምስት ሰውና ዕቃ ጭኖ በከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ የሚወጣ ትንሽ መኪና ካምቢዮው ይግላል። ዘይትን የሚያስረጀው ደግሞ ሙቀት ነው። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ለከባድ አጠቃቀም የተለየ መርሐ ግብር ያወጣሉ፤ ዳገት፣ ጭነት፣ አቧራና ቆም ሄድ ያለ መንገድ ከባድ አጠቃቀም ናቸው። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ብዙ ባለሙያዎች ከ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ። በየቀኑ ሐረጎን ለሚወጣ መኪና እኔ ወደ 40,000ው እጠጋለሁ።

«አሮጌውን ዘይት ከነካሁት ካምቢዮው ይሞታል»

ይህ ወሬ የመጣው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ዘይት ከሚቀይሩ ሰዎች ነው። ካምቢዮው ቀድሞውኑ ተጎድቷል፤ አዲሱ ዘይት ተወቀሰ። ደህና የሚሠራ ካምቢዮ ዘይቱ በመቀየሩ አይሞትም።

ሲቀየር ግን ኮፓው፣ ማለትም ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ወርዶ እንዲታይ ጠይቁ። ውስጡ ማግኔቶች አሉ። በጣታችሁ ስትነኩት ልስልስ ያለ ግራጫ ጭቃ ከሆነ የተለመደ ነው፤ ይጸዳና ይመለሳል። ጣት የሚወጋ ስባሪ ብረት ካለ ግን ከዘይቱ በላይ ችግር አለ። የዘይት ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ያን ብታውቁት ይሻላል።

«የተሳሳተው ዘይት ገብቶ ነበር፤ አስፈስሼዋለሁ፤ አለቀ»

አላለቀም። ቡሎኑ ተፈትቶ ሲፈስ የሚወጣው ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ ነው። የቀረው በኮንቨርተሩና በቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ትክክለኛው ዘይት ተሞልቶ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሽ መምረጫው በሁሉም ቦታ ቀስ ተብሎ እየተቀየረ፣ እንደገና መፍሰስ አለበት። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ዘይት ይበላል፤ ግን ከካምቢዮ ይረክሳል። ስህተቱን ያወቃችሁት ኮምቦልቻ ሆናችሁ ጥሩ ጋራዥ ያለው ደሴ ከሆነ፣ ሐረጎን እየነዳችሁ አትውጡ። በጭነት መኪና አስጭኑት። የፊት ጎማዎቹ መሬት እየነኩ በገመድ ማስጎተትም ካምቢዮውን ይጎዳዋል።

በመጨረሻ ልኩን ስታስለኩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ዘይቱም ፋብሪካው ባዘዘው ሙቀት ላይ ይሁን። ከመጠን በላይ ከተሞላ አረፋ ያወጣል፤ አረፋ ያለው ዘይት ደግሞ ፑሊዎቹን የሚያስጨብጠውን ግፊት ያወርዳል። ካነሰም ፓምፑ አየር ይስባል። መካኒኩ ሞተሩ በርዶ ሳለ በግምት ጨምሮ ቡሎኑን ሊዘጋ ሲል ካያችሁት፣ አስቁሙት።