የድሮ የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ፊርማ መሰብሰብ፦ መጀመሪያ እጁ የማን እንደሆነ ይታይ

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፖለቲከኞችን ፊርማ መሰብሰብ ሲባል ሀብታም ብቻ ሚገባበት ጨዋታ ይመስላል፣ ወሬው ሁሌ ሊንከን ሊንከን ስለሆነ ነው እንጂ የዛ ዘመን ሰዎች ፊርማ እኮ ሞልቷል። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ለምን ሞላ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ፖስታ ነው። የኮንግረስ አባል ደብዳቤ ሲልክ ሂሳብ አይከፍልም ነበር፣ ፖስታው ጥግ ላይ "ነፃ" ብሎ ስሙን ይፈርማል፣ በቃ ደብዳቤው ይሄዳል። መብቱ በ1873 ተነሳ፣ በኋላ ደሞ ተመለሰ፣ ግን እስከዛ ድረስ እነ ሄንሪ ክሌይ፣ ዳንኤል ዌብስተር፣ ጆን ካልሁን ሴናተር ሆነው በቆዩባቸው ዓመታት ስንት ፖስታ ላይ እንደፈረሙ አስቡት። ለጀማሪ ጥሩ መነሻ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አልበም ነው። ካፒቶል (የኮንግረሱ ሕንፃ) ውስጥ ሚላላኩት ልጆች፣ ፔጅ ሚባሉት፣ በቆዳ የተጠረዘ አልበም ይዘው ከወንበር ወንበር እየዞሩ የሴናተሮችንና የኮንግረስ አባላትን ፊርማ እየሰበሰቡ ትርፍ ሳንቲም ይሰሩበት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ አልበም ያልተበታተነ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙውን ግን ትላልቅ ስሞቹን እየቀደዱ ለብቻ ሸጠውታል። ከደብዳቤ ላይ ፊርማውን ብቻ በመቀስ ቆርጦ ማስቀመጥም በዛ ዘመን ፋሽን ነበር፣ ስንት ደብዳቤ በዚህ ሰበብ ጠፍቷል መሰላችሁ።

ሁሉም ግን አላዋቂ አልነበረም። የአልባኒው ፓስተር ዊሊያም ስፕራግ ወጣት እያለ በጆርጅ ዋሽንግተን የወንድም ወይ የእህት ልጅ ቤት አስጠኚ ነበር፣ እና የዋሽንግተንን ወረቀቶች የወረሰው ሰውዬ "ግልባጩን አስቀምጥና ዋናውን ውሰድ" ብሎ ፈቀደለት፣ እሱም 1,500 አካባቢ ደብዳቤ ይዞ ወጣ። በኋላ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ነኝ ያለችበትን የ1776ቱን አዋጅ የፈረሙትን ሰዎች ፊርማ ሙሉ በሙሉ አሟልቶ የሰበሰበ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1887 ደሞ ዋልተር ቤንጃሚን ሚባል ነጋዴ የፊርማ ንግድ ከፍቶ መጽሔትም ጀመረ፣ ነገሩ ከትርፍ ሰዓት መዝናኛ ወደ ገበያ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ስሙ አለ፣ ግን የፈረመው እጅ የማን ነው? በኛ አገር የነገሥታት ደብዳቤ ላይ ሚፈለገው ማኅተሙ ነው፣ የምኒልክን ደብዳቤ ማን በብዕር ጻፈው ብሎ ሚጨነቅ የለም፣ ጸሐፊው ነዋ። አሜሪካኖቹ ጋ ግን ዋጋው ያለው እጁ ላይ ነው። ለምሳሌ መንግስት መሬት ሲሸጥ ለገዢው ሚሰጠውን ወረቀት (የኛ ሰው ካርታ ሚለው ዓይነት) ፕሬዝዳንቱ ራሱ ነበር ሚፈርመው፣ ግን ወረቀቱ ከመብዛቱ የተነሳ በ1833 ኮንግረስ ጸሐፊ ተክቶት እንዲፈርም ፈቀደ። ስለዚህ ከዛ በኋላ ያለው የመሬት ወረቀት ላይ የፕሬዝዳንት ስም አይቶ የተደሰተ ሰው ከስር ያለችውን የጸሐፊውን ስም ያንብብ። አንድሪው ጆንሰን ደሞ በ1857 በባቡር አደጋ ክንዱ ተጎድቶ ስለነበር ፕሬዝዳንት ሆኖ ብዙ ወረቀት ላይ በፊርማ ማህተም ነው ያስመታው።

ቀጥሎ ጊዜ ነው። ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን መጋቢት 4 ቀን 1841 ስልጣን ያዘ፣ ሚያዝያ 4 ሞተ፣ በቃ። ከዛ በፊት ጄኔራልም አገረ ገዢም ሆኖ የፈረመው ብዙ ስለሆነ አይወደድም፣ በዛች አንድ ወር ውስጥ በፕሬዝዳንትነት የፈረመው ግን ከሁሉም ፕሬዝዳንቶች ብርቁ ነው። ጋርፊልድም እንደዛው ነው፣ በ1881 መጋቢት ገብቶ ሐምሌ 2 ተተኮሰበት፣ መስከረም ላይ አረፈ።

ሊንከን ጋ ስንመጣ፣ ደብዳቤ ላይ "ኤ. ሊንከን" ነው ሚለው፣ የመንግስት ሰነድ ላይ ነው ስሙን ሙሉ ሚጽፈው፣ እና ይሄን የማያውቅ ፎርጅድ ሰሪ በቀላሉ ይያዛል። ጆሴፍ ኮሲ ሚባለው ግን ያውቅ ነበር፣ በ1930ዎቹ የሰራቸው የሊንከን ወረቀቶች ዛሬ ራሳቸው "ኦሪጅናል ኮሲ" ተብለው ይሰበሰባሉ፣ ይገርማል። ኦሪጅናሉ የት ይደርሳል ለሚል፦ በ1864 የባሪያ ነፃነት አዋጁ 48 ቅጂ ታትሞ ሊንከን ፈርሞበት ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በ10 ዶላር ቀርቦ ነበር። ከነዚህ አንዱን ሮበርት ኬኔዲ በ1964 በ9,500 ዶላር ገዛ፣ ያው ቅጂ በ2010 ጨረታ 3.8 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ወጣ።

ደሞ ፊርማው ኦሪጅናል ሆኖ ወረቀቱ ሚዋሽበት ጊዜ አለ። ሊንከን ለአንድ ወታደር በሚያዝያ 14 ቀን 1864 የሰጠው ምህረት ላይ ሰው 4ቷን 5 አድርጓት ኖሯል፣ 1865 ሆነ፣ ይሄ ደሞ የተተኮሰበት ቀን ነው፣ እና "የመጨረሻ ስራው" ተብሎ ሲወራለት ከቆየ በኋላ በ2011 ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ቀኗ መነካካቷን ይፋ አደረገ። የዛ ዘመን ቀለም ከብረትና ከኦክ ዛፍ እባጭ ስለሚሰራ በእድሜ ብዛት ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ 5ቷ ግን ከሌላው ጠቆር ብላ ነበር።

በርካሽ ልጀምር ለሚል አንድ የምወደው መንገድ አለ፣ እጅ አልነካውም እንጂ። ብላንች ብሩስ ባሪያ ሆኖ የተወለደ፣ በኋላ ከ1875 እስከ 1881 የሚሲሲፒ ሴናተር የነበረ ጥቁር ነው። ከሴኔት ሲወጣ የግምጃ ቤት መዝጋቢ ሆነ፣ እና በጊዜው የመዝጋቢው ፊርማ ዶላር ላይ ይታተም ስለነበር ስሙ ብር ላይ ወጣ። ያኔ ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ሴናተር ማየት ያልፈለገ ነጭ እንኳ ኪሱ ውስጥ የሱን ፊርማ ይዞ ሊዞር ይችል ነበር።