ቶኒር የታንዶር ኮፒ አይደለም፦ ስለ አርመኖች ምድጃ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አርመን ሲባል እኛ ጋር ቶሎ የሚመጣው አርባ ልጆች ነው፣ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከዛ የሙዚቃ መምህራቸው ናልባንዲያን የደረሰው ብሔራዊ መዝሙር ምናምን። እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ስለ ዳቧቸውና ዳቦው ስለሚጋገርበት ቶኒር ሲወራ የምሰማው አብዛኛው ስህተት ስለሆነ ዛሬ የማውቀውን ልበል። ቶኒር መሬት ተቆፍሮ የሚቀበር፣ አፉ ጠበብ ሆዱ ሰፋ ያለ የሸክላ ምድጃ ነው፣ እስከ አንገቱ የተቀበረ ትልቅ ጋን አድርጋችሁ አስቡት።

«የህንድ ታንዶር ኮፒ ነው» የሚለውን ታንዶሪ ዶሮ የበላ ሰው ሁሉ ይለዋል። ቶኒር፣ ታንዶር፣ የአረቦቹ ታኑር፣ የጆርጂያዎቹ ቶኔ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው፣ ስማቸው ራሱ ያስታውቃል፣ ቃሉ ደሞ በጽሁፍ ቀድሞ የሚገኘው ህንድ ሳይሆን ሜሶፖታሚያ ውስጥ ነው፣ በአካድኛ ቲኑሩ ይባላል። ይሄን ሰምታችሁ ግን «እንግዲያው አርመኖች ናቸው የፈጠሩት» እንዳትሉ፣ እሱም ልክ አይደለም።

«ከመሬት የወጣ ክብ ምድጃ ሁሉ ቶኒር ነው»። ይሄኛው በጣም ነው የሚያናድደኝ። የአርመኒያ ዋና ከተማ የሬቫን ውስጥ ሸንጋቪት የሚባል ጥንታዊ ሰፈር አለ፣ ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1936 የተጀመረ፣ ዕድሜው ወደ 5000 ዓመት የሚጠጋ፣ ኩራ-አራክስ የሚባለው የነሐስ ዘመን ባህል ነው። እዛ ቤት ወለል ላይ የተተከሉ ክብ የሸክላ ምድጃዎች ወጥተዋል፣ ውስጣቸው ሶስት ቦታ ጎበጥ ጎበጥ ያለ፣ ጌጥ ያለባቸውም አሉ፣ በጣም ያምራሉ። ሰው ፎቶውን ያይና «የ5000 ዓመት ቶኒር» ይላል። ግን እኮ ጥልቀት የላቸውም፣ እንደ ቶኒር ሊጥ የሚለጠፍበት የውስጥ ግድግዳ የለም፣ ስራቸው ከኛ ሶስት ጉልቻ ጋር ነው የሚቀራረበው፣ ድስት ማስቀመጫ። ቶኒር ለመባል የሸክላው ግድግዳ ወደታች ጥልቅ መሆን አለበት፣ ከስር ደሞ አየር የሚያስገባ ቦይ ቢገኝ ጥሩ ምልክት ነው፣ ያለሱ እሳቱ ይታፈናል። ሜትሳሞር በሚባለው ሌላ የአርመኒያ ጥንታዊ ቦታ ላይም የአርመንና የፖላንድ ተመራማሪዎች ወደ 3000 ዓመት የሚጠጋ ህንፃ ውስጥ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አግኝተው መጀመሪያ አመድ መስሏቸው ነበር፣ ሲመረመር ግን የስንዴ ዱቄት ሆነ። ደስ የሚል ግኝት ነው፣ ግን ዱቄት ተገኘ ማለት ቶኒር ተገኘ ማለት አይደለም።

«ዳቦውን ነበልባል ላይ ነው የሚጋግሩት» የሚሉም አሉ። አይደለም፣ መጀመሪያ ኩበት ወይ የወይን ሀረግ ጭራሮ ይነድበታል፣ ነበልባሉ ሲበርድ ፍምና የጋለ ግድግዳ ይቀራል፣ ስራው የሚጀመረው ከዛ በኋላ ነው። የሬቫን አቅራቢያ ያለው ጋርኒ መንደር የሄደ ሰው ያየዋል፦ አንዷ ሊጡን በመዳመጫ ትዳምጣለች፣ ሌላዋ ከእጅ እጅ እየወረወረች ታሳሳውና ድርቆሽ ወይ ሱፍ በተጠቀጠቀ ሞላላ ትራስ ላይ ትወጥረዋለች፣ ከዛ ጎንበስ ብላ ጧ! አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ፣ ፊቱ ፊኛ ፊኛ አውጥቶ ጠቆር ጠቆር ሲል በብረት መንጠቆ ይወጣል። ላቫሽ እሱ ነው። የሴት ስራ ብቻ ነው የሚለውም ሙሉ አይደለም፣ መጋገሩ የሴቶች ነው፣ ትራሱንና ምድጃውን መስራት ላይ ግን ወንዶች አሉበት።

«የዳቦ መጋገሪያ ብቻ ነው»ም ስህተት። በድሮው ቤት ቶኒሩ ወለሉ ላይ፣ ጭሱ በጣሪያው ቀዳዳ ይወጣል፣ ክረምት ሲሆን ላዩ ላይ ኩርሲ የሚባል ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አድርገው ብርድ ልብስ ይዘረጉበትና ቤተሰቡ ዙሪያውን እግሩን ከስር ከቶ ይሞቃል። ሀሪሳ፣ ማለትም ስንዴና ስጋ አብሮ የሚፈርስበት ገንፎ መሳይ ምግብ፣ ማታ ይከተትበትና እስኪነጋ ይበስላል። ቄስ በሌለበት መንደር ሙሽሮች ቶኒር ዙሪያ ይጋቡ እንደነበርም ይነገራል። እኔን ከሁሉም የሚነካኝ ይሄ ነው፣ የቤቱ እምብርት ነበር በቃ።

«ቀርቷል፣ ሙዚየም ገብቷል» ለሚሉት ደሞ፣ አልቀረም። ከተማ ውስጥ በጋዝ የሚሰራ አለ፣ መንደር ሄዳችሁ ደሞ የድሮውን ታገኛላችሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ላቫሽን በአርመኒያ ስም መዝግቧል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደሞ አዘርባጃን፣ ኢራን፣ ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ አንድ ላይ ሆነው የስስ ዳቦ ባህላቸውን ላቫሽን ጨምረው አስመዝግበዋል፣ ስለዚህ «የአርመን ብቻ» ብሎ መከራከርም አያዋጣም። አንድ ቀን የተጋገረው ደርቆ፣ ተደራርቦ እስከ ስድስት ወር ይቀመጣል፣ መብላት ሲፈልጉ ውሃ እፍ እፍ ይሉበትና በጨርቅ ይሸፍኑታል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይለሰልሳል፣ አይብና ቅጠል ጠቅልለው ይበሉታል።